ሙያና ቀለም በአንድ ግቢ፦ የቴክኒክ ኮሌጅ ትምህርት በሰሜን ሸዋ

በቴክኒክ ኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሙያ ትምህርት ነው፦ ብየዳ፣ የሞተር ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ልብስ ስፌት፣ ግንባታ። ሌላው በተለምዶ ቀለም የሚባለው ነው፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የቴክኒክ ስዕል፣ ቋንቋ። ሁለቱ በምን ያህል መጠን ይሰጡ፣ ማን የትኛውን ይማር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ይኑር ወይ የሚሉት ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ቆይተዋል፤ መልሱም ፖሊሲ በተለወጠ ቁጥር ሲለዋወጥ ኖሯል። ሰሜን ሸዋ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ያመቻል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የአገር ቤቱ የእጅ ሥራና የውጭው ምህንድስና ተገናኝተውባታል። ከአንኮበር በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ ዛሬ ፋብሪካ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን የቆሙባት ከተማ ናት።

ከኮሌጅ በፊት የነበረው ሙያ

የሰሜን ሸዋ ደጋ የበግና የገብስ አገር ነው። በመንዝ ሴቶች የበጉን ፀጉር አባዝተው ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ከዚህ ሥራ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይወጣል፤ ሁሉም ብርዱን ለመቋቋም የግድ የሚያስፈልጉ ናቸው። ከአንኮበር ገደል በታች፣ በአልዩ አምባ ገበያ አቅራቢያ የኖሩት አርጎባዎች በጥጥ ሽመናና በንግድ ይታወቃሉ። ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ፣ ሸክላ ሠሪዋ እንስራና ምጣድ ያቀርቡ ነበር። ይህ ሁሉ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ሥልጠናው ዓመታት ይፈጃል፤ የሚመራው ግን በማየትና በመሞከር እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

ቀለም የሚቆጠረው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ እያለ ይዘልቃል። ሁለቱ የትምህርት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ነበር። ከእነዚህ አንዱ የብራና ሥራ ነው፤ ቆዳውን መፋቅ፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ መቃውን መቅረጽ፣ መጽሐፉን መጠረዝና መደጎስ ሁሉ የእጅ ሥራ ሲሆን ሠሪውም ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር። ከዚያ ውጪ ያለው ባለሙያ ግን ክብር አልነበረውም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው "ቡዳ"፣ "ጠይብ" እየተባሉ ይገለሉ ነበር፤ በጋብቻም በመሬትም ይለዩ ነበር። ማረሻውን የሚገዛው ሰው ማረሻውን ከሠራው ጋር ማዕድ አይቆርስም። ዛሬ የሙያ ኮሌጅ የሚገጥመው የአመለካከት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት በዚህ ሁኔታ ላይ አዲስ ነገር ጨመረ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእጅ ባለሙያዎችን በዙሪያቸው ሰብስበው ያሠሩ ነበር፤ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መንግሥታት ጋርም ውል ተዋውለዋል። ለውጭ ሰዎች ያላቸው ፍላጎት በዋናነት በጦር መሣሪያና በሥራ ጥበብ ላይ ያተኮረ ነበር። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በዚሁ መንገድ ቀጠሉ። በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገባ። ኢልግ መጀመሪያ የብረት ሥራ ተለማምዶ፣ ቀጥሎ በዙሪክ ፖሊ ቴክኒክ ምህንድስና የተማረ ሰው ነበር። ማለትም እጁ በወርክሾፕ፣ አእምሮው በሒሳብና በፊዚክስ ሠልጥኖ ነበር። በኋላ በአዲስ አበባ የውኃ መስመር ዝርጋታና በጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ውል ውስጥ የነበረው ሚና የዚህ ሁለት ወገን ሥልጠና ፍሬ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ የሚሳደበውም ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ። አዋጁ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም የተነሣበት ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

የዘመናዊው ትምህርት ሁለት መንገድ

በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋና ትኩረቱ የውጭ ቋንቋ ነበር። መንግሥቱ አስተርጓሚና ጸሐፊ ስለሚፈልግ የተማረ ማለት የቢሮ ሰው ማለት ሆኖ ጀመረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ተብሎ የታወቀው የቴክኒክ ትምህርት ቤትና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የራሱ ቤት አገኘ። በዛሬው የአማራ ክልል በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሁለቱን ወገን በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ያስተማረ ተቋም ነበር፤ ጨርቃ ጨርቅና የእርሻ መሣሪያን የመሰሉ ዘርፎች የነበሩት ሲሆን ተማሪው ግማሽ ቀኑን በወርክሾፕ ቢያሳልፍም ሒሳብና ሳይንሱ አይቀርበትም ነበር።

ደብረ ብርሃን በዚያው ዘመን የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ነበራት። ማሠልጠኛው ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህር ያወጣ ነበር፤ መምህሩም ከፊደልና ከቁጥር ጋር የእርሻ፣ የጤናና የእጅ ሥራ ትምህርት ይዞ እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ዛሬ በከተማዋ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የዚህ የረጅም ታሪክ ወራሽ ነው። በ1950ዎቹ ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደግሞ የመንዝን የሱፍ ሙያ ወደ ማሽን አሻገረው። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን በአብዛኛው ሙያውን የተማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን በማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር።

በ1960ዎቹ የተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን የእንጨት፣ የብረት፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። የደርግ መንግሥት ደግሞ ትምህርትና ምርት ይተሳሰሩ በሚለው መርሕ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርትን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ለማስገባት ሞክሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃና የሠለጠነ መምህር በሌለበት ግን ወርክሾፑ ቀስ በቀስ የተቆለፈ ክፍል ሆነ። ከዚህ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሙያን በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ብቻውን ሙያ አያስተምርም።

ከ10+ እስከ ደረጃ 8

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንገዱን በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከፈለው። በብሔራዊው ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ወደ መሰናዶ ይገባል፤ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የተባሉት ፕሮግራሞች በመላ አገሪቱ ተስፋፉ፤ በወረዳ ከተሞችም ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 391 ዘርፉን በሕግ አጸና።

በ10+ ሥርዓት ውስጥ ቀለሙ ለብቻው የሚቆም ኮርስ ነበር። ሠልጣኙ ከሙያው ጎን ሒሳብና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ ትምህርቶችን ይወስድና በሴሚስተር ፈተና ይመዘን ነበር። ትችቱ ሥልጠናው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቅጥያ መሆኑ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ተመራቂው ስለ ብየዳ ይጽፋል እንጂ አይበይድም የሚል ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ ስትራቴጂ በዚህ ትችት ላይ ተመሥርቶ ሥርዓቱን ገለበጠው። መነሻው የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የሙያ ደረጃ ሆነ። የሙያ ደረጃ ማለት አንድ ባለሙያ በሥራ ቦታው ምን ማከናወን እንዳለበት ከኢንዱስትሪው ጋር ተመክሮበት የሚዘረዘርበት ሰነድ ነው። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ። ደረጃ 1 እና 2 በክትትል ሥር የሚሠራ ሠራተኛን፣ ደረጃ 3 እና 4 ራሱን ችሎ የሚሠራና ሌላውን የሚመራ ባለሙያን፣ ደረጃ 5 ደግሞ ሥራ የሚያቅድና የሚቆጣጠርን ያወጣል። ከየትም የተማረ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝም ተፈቀደ። ሰዉ በተለምዶ ሲኦሲ የሚለው ይህ ምዘና ነው።

ለውጡ ሙያውን ወደ ሥራው አቀረበው፤ ቀለሙን ግን አሳነሰው። ሒሳቡና ፊዚክሱ በየብቃት አሃዱ ውስጥ እንዲካተቱ ታስቦ ነበር፤ በተግባር ግን አሠልጣኙ ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚዘለው እሱን ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 954 እና ከዚያ በኋላ የወጣው ፖሊሲና ስትራቴጂ ይህንን ክፍተት ከሌላ አቅጣጫ ለመሙላት ሞክረዋል። አዲሱ ፖሊሲ ደረጃዎቹን እስከ ደረጃ 8 ዘረጋ፤ በዚህም የሙያ መንገድ ከዲግሪ በታች ብቻ የሚቀር ሳይሆን ከዲግሪና ከዚያ በላይ ካለው ጋር የሚስተካከል እርከን እንዲኖረው ሆነ። በአዲስ አበባ የሚገኘው፣ የቴክኒክ አሠልጣኞችን የሚያሠለጥነው የፌዴራል ተቋምም ለተወሰነ ጊዜ ኢትዮጵያ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ወደ አዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ።

በዚሁ ወቅት ከታች ያለው በርም ተለወጠ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ ልየታው ወደ 12ኛ ክፍል ተሸጋገረ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። ለማለፊያው የተቃረቡ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተከፍቶላቸዋል። ከዚያም በኋላ የሚቀረው እጅግ ብዙ ወጣት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ቴክኒክ ኮሌጅ በር ይመጣል። ቀድሞ ከ10ኛ ክፍል ይመጣ ከነበረው ሠልጣኝ ይልቅ ይህኛው በዕድሜም በትምህርትም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ የሚያቀርብለት ቀለም ከፍ ሊል ሲገባው ዝቅ ቢል ብክነት ነው።

በኮሌጁ ግቢ ውስጥ

በደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና በአማራ ክልል ባሉ ተመሳሳይ ኮሌጆች ሥራው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው መደበኛ ሥልጠና ነው፤ በቀንና በማታ የሚሰጥ ሲሆን በግንባታ፣ በብረታ ብረት፣ በአውቶሞቲቭ፣ በኤሌክትሪሲቲ፣ በጋርመንት፣ በአይሲቲ፣ በአካውንቲንግና በመሳሰሉት ዘርፎች ይካሄዳል። ሁለተኛው አጫጭር ሥልጠና ነው፤ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ሥራ ፈላጊዎችና ወደ ከተማዋ የመጡ ተፈናቃዮች በቶሎ ገቢ የሚያገኙበት ነው። ሦስተኛው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ነው፤ አሠልጣኙ ከግቢው ወጥቶ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የክህሎት፣ የኢንተርፕረነርሺፕ፣ የካይዘንና የቴክኖሎጂ ድጋፍ ይሰጣል።

አሠልጣኞቹም በኤ፣ በቢና በሲ ሌቭል ይመደባሉ። ሲ ሌቭሉ በአብዛኛው ከሙያ መንገድ የመጣና በወርክሾፕ የሚበረታ ነው፤ ኤና ቢ ሌቭሎቹ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው፣ በንድፈ ሐሳብ የሚጠነክሩ ናቸው። ሁለቱ ተናበው ሲሠሩ ሥልጠናው ሙሉ ይሆናል፤ አንዱ በጠመኔ፣ ሌላው በመፍቻ ብቻ ሲወሰን ግን ሠልጣኙ ሁለት የማይገናኙ ትምህርቶችን ይዞ ይወጣል።

ቀለሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ከኤሌክትሪሲቲ ክፍል አንድ ሥራ ማየት ይበቃል። በፋብሪካዎች ያለው የሦስት ፌዝ መስመር ቮልቴጅ 380 ነው። ሠልጣኙ ሞተር እንዲያገናኝ ሲታዘዝ ታርጋውን ያነባል። ታርጋው ላይ በዴልታ 380፣ በስታር 660 ተብሎ ከተጻፈ ሞተሩ በዴልታ ይገናኛል። በዴልታ 220፣ በስታር 380 የሚል ከሆነ ግን በስታር መገናኘት አለበት። ሁለቱ ሞተሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመገናኛ ሳጥናቸውም ስድስት ብሎን ያለው ነው። በመጀመሪያው ሞተር ላይ በዓይኑ የተለማመደ ሠልጣኝ ሁለተኛውንም በዴልታ ያገናኘዋል። ያን ጊዜ ለ220 ቮልት የተጠመጠመው ሽቦ 380 ቮልት ይደርስበታል፤ መከላከያው በጊዜው ካልቆረጠው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ከስህተቱ የሚያድነው አንድ አጭር ስሌት ነው፤ 220 በ1.73 ሲባዛ 380 ይመጣል፤ 1.73 ደግሞ የ3 ስኩዌር ሩት ነው። ይህ የገባው ሠልጣኝ አይቶት የማያውቀው ሞተር ቢመጣም አይደናገርም።

በግንባታ ክፍልም እንዲሁ ነው። መሠረት ሲነጠፍ ማዕዘኑ መስተካከሉን ለማረጋገጥ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካና ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር 5 ሜትር መምጣቱ ይታያል። ልምድ ያለው ግንበኛ ይህንን ከአሠሪው ወርሶ ዕድሜ ልኩን ሊሠራበት ይችላል። ቦታው ጠቦ ልኬቱ ሲቀየር፣ የጣሪያው ቁልቁለት ሲለወጥ፣ ወይም የቆርቆሮውን ብዛት አስቀድሞ አስልቶ ዋጋ መስጠት ሲያስፈልግ ግን ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለውን ሕግ ማወቅ ይጠይቃል። በጨረታ የሚወዳደር የግንባታ ማኅበር የሚከስረው ብዙ ጊዜ ግንቡ ላይ ሳይሆን ስሌቱ ላይ ነው።

የሲኦሲ ምዘና በመርሕ ደረጃ ሁለቱንም ይፈትሻል። ተመዛኙ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፤ ቀጥሎ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የተግባር ሥራ ይሠራል፤ መዛኙም ከሙያ ደረጃው በወጣ መመዘኛ እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተላል። ውጤቱ ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ የሚል ነው፤ ብቁ ያልሆነው ደግሞ ተዘጋጅቶ ሊመለስ ይችላል። ሥርዓቱ ለአገር ቤት ባለሙያም በር ከፍቷል፤ በጋራዥ ያደገ መካኒክ ወይም ከአባቱ የተማረ ሸማኔ ኮሌጅ ሳይገባ ተመዝኖ ማስረጃ ሊይዝ ይችላል። ሆኖም የጽሑፍ ፈተናው የተለመዱ ጥያቄዎችን በማስታወስ የሚታለፍ ከሆነ፣ ተግባሩም በጥቂት የታወቁ ሥራዎች ላይ ከታጠረ፣ ምዘናው የሚለካው ዝግጅትን እንጂ ብቃትን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መስጠታቸው ሁለቱም መንገዶች ከተቋማቸው ውጭ በሆነ መለኪያ መመዘን መጀመራቸውን ያሳያል። ይህም እርስ በርስ ለማነጻጸር የተሻለ መሠረት ነው።

የፋብሪካ ደጅ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በዋናው የሰሜን መንገድ ላይ ትገኛለች። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በተጨማሪ የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በርካታ የግል ፋብሪካዎች ተተክለውባታል። ይህ ለቴክኒክ ኮሌጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ካመጣቸው ነገሮች ዋነኛው የትብብር ሥልጠና ነው። በዚህ አሠራር ሠልጣኙ የጊዜውን 70 በመቶ ያህል በድርጅት፣ 30 በመቶ ያህሉን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ይታሰባል። ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሠልጣኙ ውል ይገባሉ፤ በድርጅቱ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሠልጣኙን ይከታተላል፤ የኮሌጁ አሠልጣኝም እየሄደ ያያል።

በቢራ ፋብሪካ ያለው የጠርሙስ መስመር፣ በጋርመንት ያለው የስፌት መስመር፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለው የሱፍ ማበጠሪያ ማሽን ኮሌጅ ሊገዛቸው የማይችላቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሠልጣኙ የሚያገኛቸው በትብብር ሥልጠና ብቻ ነው። ችግሩ ግን ፋብሪካው ምርቱን እንጂ ሥልጠናውን አስቦ አለመተከሉ ነው። ውድ ማሽን ለጀማሪ እጅ መስጠት ያስፈራል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ዕቃ በማንሳት፣ በማሸግና በመጥረግ ይወሰናል። የጋርመንት ሥራ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል፤ ሠልጣኟ ወዲያው ማሽን ላይ ትቀመጣለች፤ ነገር ግን ለወራት የምትሰፋው ያው አንድ ኪስ ወይም ያው አንድ ኮሌታ ይሆናል። ፍጥነት ታገኛለች፤ ሙሉ ልብስ መቅደድ ግን አትችልም። ኮሌጁ ቀሪውን 30 በመቶ በንድፍ አወጣጥ፣ በጥራት ቁጥጥርና በማሽን ጥገና ካልሞላው ሠልጣኟ የማሽኑ ተቀጥላ ሆና ትቀራለች።

አንኮበር ሌላ ሁኔታ ያሳያል። የወረዳው ዋና ከተማ ጎረቤላ ነው፤ በአካባቢው የትብብር ሥልጠና የሚሰጥበት ትልቅ ፋብሪካ የለም። ያለው ሀብት ሌላ ነው፦ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቦታና በላዩ የተሠራው ሎጅ፣ በገደሉ ላይ የሚሰማራው ጭላዳ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የአንኮበር ሰሪን ወፍ፣ የአርጎባ ሽመና፣ የደጋ ገብስና የቆላ ማሽላ። ለዚህ የሚስማማው ሙያ አስጎብኚነት፣ የሆቴል ሥራ፣ ሽመና፣ የንብ እርባታ፣ የወተትና የሱፍ ማቀነባበር ነው። በእነዚህ ሙያዎች ውስጥ ቀለሙ ከቶ ትንሽ አይደለም። አስጎብኚው ታሪክና ቋንቋ፣ ሸማኔው የቀለም ኬሚስትሪና የዋጋ ስሌት፣ ወተት አቀነባባሪዋ የሙቀት ልኬትና የጤና አጠባበቅ ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤላ ላይ የደብረ ብርሃንን የትምህርት ክፍሎች እንዳሉ መድገም የሚጠቅም አይደለም፤ የትምህርት ክፍል ምርጫው ከአካባቢው ሥራ መነሳት አለበት።

የግብርናና የጤና ምሳሌ

ሙያና ቀለም ተጣምረው ውጤት ያመጡበት ሰፊ ልምድ በአገሪቱ አለ። የግብርና ቴክኒክ ኮሌጆች ያሠለጠኗቸው የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ተመድበዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠለጠኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ የየአካባቢው ሴቶች ሲሆኑ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በክፍልና በመስክ ተምረው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተሰማርተዋል። በኋላ በርካቶቹ ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ ተደርጓል። ክትባት፣ የእናቶች ክትትልና የቤተሰብ ጤና አገልግሎት በሰሜን ሸዋ ገጠር ቀበሌዎች የደረሱት በእነሱ በኩል ነው። ሥልጠናው የተሳካበት ምክንያት ሦስት ነው፤ ሙያው በግልጽ ተለይቶ ነበር፣ ንድፈ ሐሳቡ ከሥራው አልተነጠለም፣ ወደ ላይ የሚያድጉበት መንገድም ነበራቸው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለደብረ ብርሃን ልዩ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ሌላ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የግብርና ምርምር ማዕከልና በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሏት። የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ተማሪ የወርክሾፕ ልምምድ ይጎድለዋል፤ የኮሌጁ የደረጃ 4 ተመራቂ ደግሞ ከፍ ያለ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ይፈልጋል። ሁለቱ የሚጎድላቸው በአንድ ከተማ ውስጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በኮሌጁ የንድፈ ሐሳብ ኮርሶችን ቢያግዙ፣ የኮሌጁ አሠልጣኞች ለምህንድስና ተማሪዎች የወርክሾፕ ልምምድ ቢሰጡ፣ የሙያ ተመራቂው የወሰዳቸው ትምህርቶች ተቆጥረውለት ወደ ዲግሪ ቢሸጋገር አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ ብዙ ይገኛል።

በሌላው ዓለም

በዚህ ጉዳይ አብነት ተደርጋ የምትጠቀሰው ጀርመን ናት፤ የኢትዮጵያ የትብብር ሥልጠናም ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ብዙ ወስዷል። በጀርመን ወጣቱ ከአንድ ድርጅት ጋር የሥልጠና ውል ይገባል፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በድርጅቱ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል። አብዛኛው ሥልጠና ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይቆያል። በትምህርት ቤቱ የሙያ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቋንቋና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርትም ይሰጣል። ድርጅቱ ለሠልጣኙ የወር አበል ይከፍላል፤ ፈተናውን የሚሰጡት የንግድና የእጅ ባለሙያዎች ምክር ቤቶች ናቸው።

ኢትዮጵያ ከዚህ የወሰደችው የጊዜ ክፍፍሉን ነው። ያልመጣው የድርጅቶቹ ግዴታ፣ የአበሉ ሥርዓትና የባለሙያ ማኅበራቱ ጥንካሬ ነው። 70 ለ30 የሚለው ቁጥር ውጤት የሚያመጣው ድርጅቱ ሠልጣኙን እንደ ነገ ሠራተኛው ሲያየው ነው። ኢልግ ባደገበት በስዊዘርላንድም በሙያ የሠለጠነ ወጣት ተጨማሪ ፈተና ወስዶ ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ በሕግ ተከፍቷል። ስለዚህም በዚያ አገር ሙያ መምረጥ ከትምህርት መውጣት ተደርጎ አይታይም።

ያሉት እንቅፋቶችና የሚበጀው

ዘርፉን ወደ ኋላ ከሚጎትቱት ነገሮች የመጀመሪያው ሰላም ማጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ትምህርትና ሥልጠናን ክፉኛ አስተጓጉሏል። መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃ አይገባም፤ ፋብሪካ ሲዳከም የትብብር ሥልጠና ቦታ ይጠባል፤ የገጠር ሠልጣኝም ወደ ኮሌጁ መድረስ ይቸግረዋል።

ሁለተኛው የመሣሪያና የፍጆታ ዕቃ እጥረት ነው። ብየዳ የሚለመደው ኤሌክትሮድ በማቃጠል ነው፤ በቂ ኤሌክትሮድ ከሌለ ሠልጣኙ ጓደኛው ሲበይድ እያየ ይመረቃል። የቀለሙ ክፍል በአንጻሩ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሒሳብ፣ የቴክኒክ ስዕልና የታርጋ ንባብ በጠመኔ፣ በወረቀትና በአንድ አሮጌ ሞተር ሊሰጥ ይችላል። ወርክሾፑ እስኪሟላ ድረስ ይህንን ማጠናከር ዛሬውኑ የሚቻል ሥራ ነው።

ሦስተኛው አመለካከት ነው። ወላጅ ልጁ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ እንደ ወደቀ ይቆጥረዋል፤ ሠልጣኙም ራሱን እንዲሁ ያያል። ይህንን የሚያጸናው አሮጌው የባለሙያ ንቀት ብቻ አይደለም። ምደባው ራሱ ኮሌጁን የተራፊ መቀበያ አድርጎ ሠርቶታል። ወጣቱ ሙያውን የሚመርጠው በዝንባሌው ሳይሆን በውጤቱ ማነስ ከሆነ፣ ከገባ በኋላም የሚያድግበት መንገድ ካልታየው፣ በምክርና በቅስቀሳ ብቻ ሐሳቡ አይለወጥም።

የሚበጀው ከዚህ ሁሉ ይወጣል። በየሙያው ውስጥ የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ በስም ተለይቶ፣ ሰዓት ተመድቦለት፣ በወርክሾፕ ሥራው አማካይነት ይሰጥ፤ የሲኦሲ ፈተናም ይህንኑ በአዲስ ሁኔታ ላይ ይፈትሽ። የትብብር ሥልጠና ውል ሠልጣኙ በየትኞቹ ማሽኖችና ሥራዎች ላይ እንደሚዘዋወር በዝርዝር ይወስን። የትምህርት ክፍሎች ምርጫ በደብረ ብርሃን ከፋብሪካዎቹ፣ በአንኮበር ከቱሪዝሙ፣ ከሽመናውና ከግብርናው ይነሳ። እስከ ደረጃ 8 የተዘረጋው እርከን በወረቀት እንዳይቀር ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቅብብል ስምምነት ይኑራቸው። እነዚህ ሲሟሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ቴክኒክ ኮሌጅን በመጀመሪያ ምርጫው ሊያስገባው ይችላል፤ ኮሌጁም የሚመዘነው በተቀበለው ተማሪ ብዛት ሳይሆን ሠርቶ በሚኖር፣ ሥራውን አስልቶና አስረድቶ በሚሠራ ባለሙያ ይሆናል።